ጎሬ ላይ የተዘጋው ሃይላንድ ጋምቤላ ሲደርስ ለምን ይጨማደዳል? ስለ ካርቦን ፋይበር ቱቦዎችና ስለ ጥልቅ ባህር ግፊት

ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በመኪና የወረደ ሰው ይህቺን ነገር ሳያያት አይቀርም። ጎሬ ላይ ውሃ ገዝታችሁ ጠጥታችሁ ጨረሳችሁ፤ ባዶውን ሃይላንድ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዘጋችሁና ወንበር ሥር ጣላችሁት እንበል። ቡሬን አልፎ (የኢሉባቦሩን ቡሬ ነው፣ የጎጃሙን አይደለም) መንገዱ ቁልቁል ሲሆን ጆሯችሁ ጭው ይላል። ጋምቤላ ደርሳችሁ ሃይላንዱን ስታነሱት ጎኑ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ፣ ሰው የረገጠው መስሎ ታገኙታላችሁ። ማንም ግን አልነካውም።

የረገጠው አየር ነው። ጎሬ ከባህር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ላይ ነች፤ ጋምቤላ ደግሞ 500 ሜትር አካባቢ። ዝቅ ባላችሁ ቁጥር ከላያችሁ ያለው የአየር ክምር ይበዛል፣ ክብደቱም ይጨምራል። ሃይላንዱ ውስጥ የተዘጋው አየር ግን አሁንም የጎሬ አየር ነው፤ ሳሳ ያለ። ስለዚህ ከውጭ የሚገፋው ከውስጥ ከሚገፋው ይበልጣል። ልዩነቱ ሲሰላ ከአንድ ሜትር ተኩል ውሃ ሥር የመቀበር ያህል ነው። የጋምቤላ ሙቀት የውስጡን አየር ትንሽ ስለሚያስፋፋው በተግባር ከዚህም ያንሳል። በቃ፣ ይቺን ለምታህል ግፊት ነው ሃይላንዱ እጅ የሰጠው።

አሁን ይህንኑ ሃይላንድ 3,800 ሜትር ውቅያኖስ ውስጥ አስቡት። የታይታኒክ መርከብ ስብርባሪ የተኛው እዚያ ጥልቀት ላይ ነው። ባህር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል፣ ስለዚህ እዚያ ሲደረስ 380 ያህል ሆኗል ማለት ነው። በእኛ ሚዛን ስንነግራችሁ፦ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ወደ 4 ኩንታል የሚጠጋ ክብደት። ይህ ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ ሳይሆን በሁሉም አቅጣጫ ነው።

ሰኔ 11 ቀን 2015 ዓ.ም ታይታን የምትባለው ሰርጓጅ 5 ሰዎች ይዛ ወደዚያ ስትወርድ ወደ ውስጥ ፈነዳች። ያኔ ሁላችንም ስልካችን ላይ ስንከታተል ነበር፤ "ኦክስጅን ስንት ሰዓት ቀራቸው" እየተባለ ለቀናት ተወራ። በኋላ እንደታወቀው ሰዎቹ በጭራሽ ኦክስጅን አልጠበቁም። ግንኙነቱ በተቋረጠበት ሰዓት ሁሉም ነገር ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አልቆ ነበር። ስብርባሪው ሰኔ 15 ቀን ከታይታኒክ አፍንጫ 500 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ተገኘ።

በዚያ ሰሞን "ካርቦን ፋይበር እኮ ለባህር አይሆንም፣ ፕላስቲክ ነው" የሚል ነገር በየገጹ ዞረ። እኛም አጋርተነው ነበር፣ አንደብቅም። ነገሩን ቁጭ ብለን ስናየው ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ዛሬ ይህንን ዘርዘር አድርገን ለመጻፍ የተነሳነው ለዚያ ነው።

ከውስጥ መግፋትና ከውጭ መግፋት አንድ አይደለም

መቱ ዙሪያ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ወይም የመስኖ ቦታ የሠራ ሰው የውሃ ፓምፕ ያውቃል። ፓምፑ ሁለት ቱቦ አለው። ውሃውን ከፓምፑ ወደ ማሳ የሚወስደው ለስላሳ ነው፤ ባዶውን እንደ መቀነት ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ከወንዝ የሚስበው ግን ጠንካራ ነው፤ ግድግዳው ላይ ጠመዝማዛ ሽቦ ወይም ደረቅ ፕላስቲክ ዞሮበታል። ለምን? ማሳ የሚያደርሰው ቱቦ ውስጥ ውሃው ወደ ውጭ ስለሚገፋ ቱቦው ራሱ ይወጠርና ክብ ይሆናል። የሚስበው ውስጥ ግን ግፊቱ ከውጭው አየር ያነሰ ነው። ለስላሳውን ቱቦ በቦታው ብትገጥሙት ወዲያው ጥፍጥፍ ብሎ ይዘጋል።

ሃይላንዱንም በተቃራኒው መሞከር ይቻላል። ጋምቤላ ላይ ዘግታችሁ ወደ ጎሬ ይዛችሁት ውጡ። እንደ ኳስ ተነፍቶ፣ ድንግል መስሎ ይደርሳል። ያው ፕላስቲክ፣ ያው ውፍረት፣ ያው የግፊት ልዩነት ነው። አንዱ ጉዞ ያጨማድደዋል፣ ሌላው ይወጥረዋል።

ምስጢሩ ቅርጹ ላይ ነው። ከውስጥ የሚገፋ ግፊት የቱቦውን ጉድለት ያስተካክላል፤ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ ካለ ወደ ውጭ ገፍቶ ክብ ያደርገዋል። ከውጭ የሚገፋ ግፊት ደግሞ ጉድለትን ያባብሳል። ቱቦው ፍጹም ክብ እስከሆነ ድረስ ግድግዳው እንደ ድልድይ ቅስት ይደጋገፋል። አንድ ቦታ ላይ በጥቂቱ ጠፍጠፍ ካለ ግን ግፊቱ እዚያች ቦታ ላይ ይበረታል። ሲበረታ ይበልጥ ይጠፈጥፋታል፣ ስትጠፈጠፍ ደግሞ ግፊቱ ይበልጥ ይበረታል። ይህ ዑደት ከተጀመረ የሚያቆመው የለም። መሐንዲሶች "በክሊንግ" የሚሉት ይህንን ነው። በእኛ ቋንቋ መታጠፍ፣ መሰርጎድ፣ መጨማደድ ብንለው ያስኬዳል።

አስፈሪው ነገር፣ በክሊንግ ዕቃው ጥንካሬውን ከመጨረሱ በፊት ሊመጣ ይችላል። ሃይላንዱ ሲሰረጉድ ፕላስቲኩ አልተቀደደም፣ አልተሰበረም። ቅርጹን ብቻ ነው ያጣው። ስለዚህ "ይህ ዕቃ ከብረት ይበረታል" የሚለው ወሬ ብቻውን ምንም አይነግረንም።

ውፍረት፣ ርዝመትና አንጓ

ይህንን በሙከራ ካሳዩት የመጀመሪያ ሰዎች አንዱ ዊሊያም ፌርቤርን የተባለ እንግሊዝ አገር የሚሠራ መሐንዲስ ነው። ዘመኑ 1858 እ.ኤ.አ ነው፤ እኛ ጋ አፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ገና 3 ዓመት ቢሆናቸው ነው። ያኔ የእንፋሎት ማሞቂያዎች ውስጥ እሳት የሚያልፍባቸው ረጃጅም ቱቦዎች ነበሩ፤ በዙሪያቸው ያለው እንፋሎት ወደ ውስጥ እየገፋቸው ይሰረጉዱና አደጋ ያደርሱ ነበር። ፌርቤርን ቱቦዎችን ከውጭ በግፊት እየጨፈለቀ ሲለካ ያልተጠበቀ ነገር አገኘ፦ ያው ውፍረትና ያው ስፋት ያለው ቱቦ ሲረዝም ይደክማል። ርዝመቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚችለው ግፊት በግማሽ አካባቢ ይወርዳል። መፍትሔውም ከዚያው ወጣ፤ ረጅሙን ቱቦ በየመሃሉ በጠንካራ ቀለበት ማሰር። ቀለበቱ አንዱን ረጅም ቱቦ ወደ ብዙ አጫጭር ቱቦዎች ይለውጠዋል።

ይህንን ቀለበት ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከጎሬ ወደ ማሻ በሚወስደው መንገድ ብትሄዱ የደጋ ቀርከሃ ጫካ አለ። ቀርከሃ ማለት ተፈጥሮ የሠራችው የክር ቱቦ ነው። ረጃጅም ጠንካራ ክሮች አሉት፣ ክሮቹን የሚያያይዝ እንደ ሙጫ ያለ ነገር አለው፣ ውስጡ ክፍት ነው። በየስንዝሩ ደግሞ አንጓ አለ፤ አንጓው ውስጥ ቱቦውን የሚዘጋ ግድግዳ ይገኛል። ቀርከሃው ንፋስ ሲያጎብጠው ጎኑ እንዳይጠፈጠፍ የሚይዘው ይህ አንጓ ነው። ክሮቹም ዝም ብለው አልተበተኑም፤ ወደ ውጭኛው ግድግዳ እየቀረቡ ሲሄዱ ይጠጋጋሉ፣ ምክንያቱም ስታጎብጡት የሚከብደው እዚያ ነው። የቆላው ቀርከሃ በአንጻሩ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ድፍን ነው። ሃይላንዱ ወገብ ላይ ያሉት የዞሩ ሸንተረሮችም ለጌጥ አይደሉም፤ ሥራቸው የአንጓው ሥራ ነው። ልብ በሉ፣ ሲጨማደድ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ሸንተረር ከሌለበት ልሙጡ ጎን ነው።

ውፍረት ደግሞ ሁሉንም ያስከነዳል። ቀጭን ቱቦ ላይ ግድግዳውን በእጥፍ ብታወፍሩት የሚችለው ግፊት እጥፍ ሳይሆን ወደ 8 እጥፍ ያድጋል። በግማሽ ብታሳሱትም ወደ ስምንተኛ ይወርዳል። ይህቺን ቁጥር ያዟት፣ ታይታን ላይ እንመለስባታለን።

ጭቃና ጭድ፣ ሙጫና ክር

ካርቦን ፋይበር ምንድን ነው? የጭቃ ቤት ሲለሰን ያየ ሰው ሐሳቡን ያውቀዋል። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ጭድ ብቻውን ይበተናል። ተቦክተው ሲለሰኑ ግን ግድግዳ ይሆናሉ። ኮምፖዚት የሚባለው ይህ ነው፤ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ይጎትታል። ካርቦን ፋይበር ላይ በጭዱ ፈንታ ከፀጉር የቀጠነ የካርቦን ክር፣ በጭቃው ፈንታ ኢፖክሲ የሚባል ሙጫ አለ። ክሩ በሙጫ እየተነከረ ቅርጽ ማውጫ ላይ ይጠቀለልና በሙቀት ይጋገራል።

ክር ግን ክር ነው። ስትጎትቱት አንበሳ፣ ስትገፉት ልፍስፍስ። ሲገፋ ቀጥ ብሎ የሚያቆመው በዙሪያው ያለው ሙጫ ብቻ ነው። ሙጫው ውስጥ የአየር አረፋ ካለ፣ ወይም ክሩ ሲጠቀለል ትንሽ ከተጨማደደ፣ እዚያ ቦታ ላይ ክሩ ራሱ ይታጠፋል። እንግዲህ ትልቁ ቱቦ ሳይታጠፍ በፊት ውስጡ ያሉት ክሮች በትንሹ መታጠፍ ይጀምራሉ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነር ላይ የተሳፈረ ሰው ካርቦን ፋይበር ቱቦ ውስጥ ተቀምጦ በሯል። አየር መንገዱ ከአፍሪካ የመጀመሪያውን ነሐሴ 8 ቀን 2004 ዓ.ም ተረክቧል፤ የአውሮፕላኑ ክብደት ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት ነው። ግን ሰማይ ላይ ግፊቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ስለዚህ ክሮቹ ይጎተታሉ፣ የሚወዱትም ይህንኑ ነው። የግፊቱም ልዩነት ከአንድ የከባቢ አየር በታች ነው። (ድሪምላይነር ውስጥ የሚጠበቀው አየር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር እኩል ነው፤ በመቱና በጎሬ መካከል እንዳላችሁ ቁጠሩት።) ታይታን ላይ ነገሩ ሁሉ የተገለበጠ ነበር፤ ግፊቱ ከውጭ ነው፣ ክሩ ይገፋል፣ ልዩነቱም 380 ነው። "ለአውሮፕላን ከሆነ ለባህርም ይሆናል" የሚለው ክርክር የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

ታይታን እንዴት ታጠፈች?

የታይታን ሆድ ወደ 2.4 ሜትር የሚረዝም፣ ውስጡ 1.4 ሜትር የሚሰፋ የካርቦን ፋይበር ቱቦ ነበር። ግድግዳው 12.7 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል። ሁለቱ ጫፎቹ ላይ የታይታኒየም ቀለበት በሙጫ ተጣብቆ፣ በላዩ ግማሽ ሉል ቅርጽ ያለው የታይታኒየም ክዳን ተገጥሟል። ጥልቅ ውሃ የሚወርዱ ሰርጓጆች አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚይዙበት ክፍል የብረት ሉል ነው፤ ለምሳሌ 6,500 ሜትር የምትወርደው አልቪን ታይታኒየም ሉል አላት። ሉል ግፊትን በሁሉም በኩል እኩል ይካፈላል፤ ችግሩ ጠባብ መሆኑ ነው። ብዙ ከፋይ መንገደኛ መጫን የፈለገ ቱቦ ይመርጣል። ኦሽንጌት የተባለው ኩባንያም የመረጠው ይህንን ነው።

ግድግዳው በአንዴ አልተጋገረም። እያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን 5 ንብርብር በየተራ ተጠቅልሎ፣ ተጋግሮ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተጣብቋል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ከግድግዳው የተረፉትን ቁርጥራጮች ሲመረምር መጨማደድ፣ የአየር ክፍተትና ከንብርብር ንብርብር መላቀቅ አግኝቷል።

መላቀቅ ለምን ያን ያህል ይገድላል? አንድ ወፍራም ደብተር አጉብጡ፣ ይጎብጣል፤ ገጾቹ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። ገጾቹን ሁሉ በሙጫ ብታጣብቋቸው ግን ጣውላ ይሆናል። ቅድም ያዟት ያልናችሁ ቁጥር እዚህ ትመጣለች። 5ቱ ንብርብሮች ሙሉ በሙሉ ቢላቀቁ፣ በስሌት እያንዳንዱ ብቻውን የሚኖረው የመታጠፍ ጥንካሬ የሙሉው ግድግዳ 1/125 ነው፤ አምስቱ ሲደመሩ 1/25። ውፍረቱ ያው 12.7 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ዓይን ምንም አያይም፣ ጥንካሬው ግን ሄዷል። ደግሞ ሙሉው ቱቦ መላቀቅ አያስፈልገውም። አንድ ቦታ ላይ ያለ ንጣፍ ከተላቀቀ እሱ ብቻውን ይሰረጉዳል፣ ከዚያ ቅድም ያልነው ዑደት ይጀምራል። ቦርዱ በ2018 ዓ.ም መጀመሪያ ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት የደረሰበትም ይኸው ነው፤ የተላቀቀው ግድግዳ እየባሰበት ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ታጠፈ፣ ያ መላ ሰርጓጇን ወሰደ።

እኛን ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ያናደደን ሌላ ነው። ሐምሌ 8 ቀን 2006 ወይም 2007 ላይ የሆነ የድሮ ታሪክ ቢሆን ይሻለን ነበር፤ የሆነው ግን ሐምሌ 8 ቀን 2014 ዓ.ም፣ አደጋው ሊደርስ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። ታይታን 80ኛ ጉዞዋን ጨርሳ ወደ ውሃው ወለል ስትወጣ ከፍተኛ የፍንዳታ ድምፅ ተሰማ። ግድግዳው ላይ የተለጠፉ መለኪያዎች ነበሩ፤ ከዚያች ቀን በኋላ የሚያሳዩት ቁጥር ተለወጠ፣ ቱቦው ለግፊት የሚሰጠው ምላሽ እንደ ድሮው አልሆነም። መርማሪዎቹ መላቀቁን ያያያዙት ከዚህ ድምፅ ጋር ነው። መረጃው እዚያው ኩባንያው እጅ ነበር። ሰርጓጇን ከፍቶ የመረመራት የለም። ከዚያም የካናዳን ክረምት፣ በረዶውን ሁሉ፣ ኒውፋውንድላንድ ውስጥ ደጅ ላይ ቆማ አሳለፈች። ስንጥቅ ውስጥ የገባ ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፤ ይህንን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም።

የኩባንያው መሪ ስቶክተን ረሽ የድምፅና የግፊት መለኪያዎቹ አደጋን አስቀድመው ይናገራሉ ብሎ ያምን ነበር። መለኪያዎቹ ተናግረዋል ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ከመጨረሻው ጉዞ ብዙ ቀድመው። የባህር ሥራዎች ኃላፊ የነበረው ዴቪድ ሎክሪጅም በ2018 እ.ኤ.አ ቱቦው በቂ ፍተሻ አልተደረገለትም ብሎ ጽፎ ከሥራ ተባሯል። ሰርጓጇ የየትኛውም መርማሪ ድርጅት ማረጋገጫ አልነበራትም። በ88ኛው ጉዞ ረሽ ራሱ ከሟቾቹ አንዱ ሆነ። የአሜሪካ የባህር ጠረፍ ጥበቃ በ2017 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት አደጋው ሊቀር ይችል እንደነበር ደምድሟል።

ታዲያ ካርቦን ፋይበር ባህር አይገባም?

ይገባል፣ ገብቷልም። የአሜሪካ ባህር ኃይል በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ ኤ.ዩ.ኤስ.ኤስ የሚባል ሰው አልባ ፈላጊ ሰርጓጅ ሠርቶ ነበር፤ ቱቦው የካርቦን ክርና ኢፖክሲ፣ ጫፎቹ የታይታኒየም ግማሽ ሉል። ወደ 6,000 ሜትር እንዲወርድ የተሠራ ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ዲፕግላይደርም በካርቦን ፋይበር ቱቦ ወደ 6,000 ሜትር እየወረደ የውቅያኖስ ሙቀትና ጨው ይለካል። ካርቦን ፋይበር ቀላል ስለሆነ ለእንደዚህ ያለ ሥራ ይመረጣል፤ ቱቦው ራሱ ስለሚንሳፈፍ ተጨማሪ ተንሳፋፊ መሸከም አያስፈልገውም።

ልዩነቱ እነዚህ ጠባብ ቱቦዎች መሆናቸውና ውስጣቸው ሰው አለመኖሩ ነው። ቢሰረጉዱ የሚጠፋው ገንዘብ ነው። ሰው ስትጭኑ ጥያቄው "አንዴ ይወርዳል ወይ?" ሳይሆን "ስንት ጊዜ ይወርዳል፣ ከእያንዳንዱ በኋላስ ማን ያየዋል?" ይሆናል። ብረት ላይ ይህንን ለመመለስ ከመቶ ዓመት በላይ የተጠራቀመ ልምድ አለ። የሰው ልጅ ሊይዝ የሚችል ወፍራም የካርቦን ቱቦ ላይ ግን ያ ልምድ የለም፤ እያንዳንዱ ሲጠቀለል የራሱ አረፋ፣ የራሱ ሽብሽብ ይኖረዋል።

እኛ ጋስ?

ኢሉባቦር ባህር የላትም፤ ከውጭ የሚገፋ ግፊት ግን አለ። ቤታችሁ ሮቶ ካለ፣ ክዳኑ አካባቢ አየር የሚገባበትን ቀዳዳ አትድፈኑት። ውሃው በፍጥነት ሲወጣ አየር ካልተተካ ጎኑ ሰርጉዶ ይገባል። ትልልቅ የኃይል ማመንጫዎችም ይህንኑ ይፈራሉ። ከመቱ ብዙ በማይርቀው የሶር ወንዝ ላይ ያለው 5 ሜጋ ዋት ማመንጫ ጭምር፣ ማንኛውም የውሃ ኃይል ማመንጫ ውሃን ወደ ተርባይን የሚያወርድ ትልቅ ቱቦ አለው። እንዲህ ያለ ቱቦ ሲሞላ ከውስጥ ይወጠራል፣ ምንም አይልም። በድንገት ባዶ ሲሆንና አየር ካላገኘ ግን አንድ የከባቢ አየር ብቻ ይጨፈልቀዋል። ጃፓን ኦይጋዋ ላይ በ1950 እ.ኤ.አ እንዲህ ሆኗል፤ የብረቱ ቱቦ አንድ ቦታ ፈንድቶ ውሃው ሲያመልጥ፣ ከፍ ብሎ ያለው ክፍል እንደ ረገጡት ጣሳ ተጣብቆ ቀረ። ለዚህ ነው እንደዚህ ያሉ ቱቦዎች ላይ አየር የሚያስገባ ቫልቭ የሚገጠመው።

የውሃ ፓምፕ የምትገዙም ለመሳቢያው ርካሹን ለስላሳ ቱቦ የሚሸጥላችሁ ካለ አትውሰዱ። ግድግዳውን በጣታችሁ ጫን በሉት፤ ሽቦው ወይም ደረቁ ጥምዝ ካልተሰማችሁ የመሳቢያ ቱቦ አይደለም።